የነጯ መኪና ነጋሪ

ጅማ፣ ኅዳር 14 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሙሐዲን፣ ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። የበረሃው ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔ አዳዳህ ዙቤይዳ፣ የአባትህ ታላቅ እህት፣ ከጉልበቴ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አላህ በሰው አገር ከክፉ ዓይንና ከክፉ አሠሪ ይጠብቅህ። አሚን በል።

ጽሕፈቱ የማን ነው ብለህ አትጨነቅ፤ የራሴ ነው። መሠረተ ትምህርት ያልገባ የቀበሌ ስኳር አያገኝም ሲባል በስተርጅና ፊደል ቆጠርኩ። ያስገደደን ያኔ የቀበሌ ሊቀመንበር የነበረው፣ ያው የምታውቀው አብዱልፈታሕ ነው። እሱ ባያስተምረኝ ኖሮ ስለ እሱ የምጽፈውን ሁሉ በሰው እጅ ላስጽፍ ነበር። አንድ ውለታ አለው ማለት ነው፤ ሁለተኛ የለውም።

ደብዳቤውን የምታመጣልህ በጅቡቲ በኩል ሽቶና ሻሽ የምትነግደው ከድጃ ስለሆነች ደፍሬ እጽፋለሁ። በፖስታ ቢሆን ኖሮ ስለ ዝናብ ብቻ ነበር የማወራህ።

ባለፈው ሳምንት ጋራዡ በር ላይ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ነጭ የጃፓን መኪና በሰው እየተገፋች መጣች። ማን ወረደ? አብዱልፈታሕ። አሁን የቀበሌ ሊቀመንበር አይደለም፤ ከፍ ብሏል፤ የሸቤን ገበሬ ከቡናው ሥር እየነቀለ መንደር የሚያሰፍረው እሱ ነው። ቤቱን አልለቅም ያለውን በላዩ ላይ ያቃጥልበታል አሉ። «አዮ ዙቤይዳ፣ አካም ጂርታ?» አለኝ በኦሮምኛ፣ ልጅ ሳለ እንደ እናቱ አዮ እያለ ደህንነቴን እንደሚጠይቀኝ። ከልጄ ከሸኩሬ ጋር በአንድ ሳህን የበላ አፍ! ውሻ እንኳ በበላበት ይጮሃል፤ እሱ በበላበት ነከሰ።

በቀይ ሽብሩ ጊዜ ልጄን ከመኪና ሥር በእግሩ ጎትቶ ሲያወጣው አንተም ቆመህ ነበር። «ለጥያቄ ነው አዮ፣ ይመጣል፣ ይጠብቁ» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደጁ ሄጄ በጠየቅሁት ቁጥር የሚመልስልኝ ይህንኑ ነው። ይመጣል፣ ይጠብቁ። አሥራ ሁለት ዓመት ጠበቅሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ይኸው አሁን መኪናው እኔ ደጅ ወደቀች። ሞተሯ እየተንፈራፈረ ነበር። ደበበን ታውቀዋለህ፤ ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ጋራዡን ያቆመልኝ እሱ ነው። ካምሻፍቱ ጫፍ ላይ ተሰክቶ የነበረ የጣት ታህል ጥቁር ዕቃ ነቅሎ አወጣና «ይሄ የጃፓን ፑንቲና ነው፣ እሳት ሰጪው» አለ። ዕድሜ ልኩን ፑንቲና ሲያጸዳ እንደኖረው በብርጭቆ ወረቀት ፊቱን ፈግፍጎ፣ ጀርባውን በቢላ ፈልቀቅ አድርጎ መልሶ ሰካው። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ጠዋት ቀጥ ብላ ትነሳለች፤ ሰርቦን አልፋ አሰንዳቦ ሳትደርስ ግን ጸጥ ትላለች። ከቀዘቀዘች በኋላ ምንም እንዳልሆነች ተነስታ ትሄዳለች።

አብዱልፈታሕ «የወንድምዎ ልጅ ጅዳ ያሉትን የጃፓን መኪኖች ያውቃል፤ ጻፉለትና ዕቃውን ይላክልኝ» ይለኛል። አያፍርም እኮ! ለመሆኑ ይህ ዕቃ ምንድን ነው? የሚሠራውስ ምንድን ነው? እኔ በሚገባኝ ቋንቋ ጻፍልኝ። ገንዘብ አትላክ።

አዳዳህ ዙቤይዳ

ጅዳ፣ ጥር 29 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳዬ ለወይዘሮ ዙቤይዳ

ወዐለይኩም ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እግርዎን ባለሁበት ሆኜ እስማለሁ። ጤናዎን አላህ ይጠብቅልኝ፤ እኔ ደህና ነኝ። ጽሕፈትዎን ሳይ አለቀስኩ፤ ስለ ማን እንደጻፉ ሳነብ ደግሞ እንባዬ ደረቀ።

አዳዳ፣ ምን ዕቃ ነው የምልክለት? የነዳጅ ጋኑ ውስጥ አንድ ኪሎ ስኳር ይገልብጡበትና ሞተሩ ይንተክተክ! ሸኩር ታላቄም ጓደኛዬም ነበር። መፍቻ መያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። ያ ሰው ዛሬም እየነዳ ነው ብለው ሲጽፉልኝ የደንበኛ መኪና ላይ ብሎን ሰበርኩ።

ቢሆንም ጠይቀውኛልና እነግርዎታለሁ። ዕቃው ፑንቲና አይደለም። ደበበ አይፈረድበትም፤ እኔም እዚህ በመጣሁበት ዓመት አንዱን ፈግፍጌ አሠሪዬ ሊያባርረኝ ነበር። ፑንቲና እየነካካ እሳት ይሰጣል፤ ይሄኛው ግን ምንም አይነካም። እንደ ጎረቤት አጠገብ ሆኖ ያያል፣ ያየውን ይናገራል። ሴንሰር ይሉታል፤ እኛ ነጋሪ እንበለው።

ፒስተን ወደ ላይ የሚወጣው ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ ነዳጅና አየሩን ለማመቅ፣ አንዴ ደግሞ ጭሱን ለማስወጣት። ካንዴላው እሳት መስጠት ያለበት በመጀመሪያው ጊዜ ብቻ ነው። ታች ያለውን ትልቁን ዘንግ ብቻ የሚያይ ሰው ግን ሁለቱን መለየት አይችልም። የግድግዳ ሰዓትዎን ያስቡ። መርፌው ስድስት ላይ ሲቆም የቀን ስድስት ይሁን የሌሊት ስድስት ሰዓቱ ራሱ አያውቅም። አንድ ሰው መስኮት ከፍቶ «ፀሐይ አለች» ማለት አለበት። መስኮት ከፋቹ ያ ነጋሪ ነው።

እንዴት ያያል? ቫልቮቹን የሚከፍተውና የሚዘጋው ካምሻፍት ትልቁ ዘንግ ሁለቴ ሲዞር እሱ አንዴ ነው የሚዞረው። ጫፉ ላይ አንዲት የብረት ጥርስ አለችው። ነጋሪው ውስጥ ማግኔት አለ፤ በማግኔቱ ዙሪያ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ጥርሷ በአፍንጫው ሥር ስታልፍ የማግኔቱ ጉልበት ይናወጣል፤ በሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ብልጭ ትላለች። ብልጭታዋ ከዳሽቦርዱ ሥር ወዳለው ኮምፒዩተር የሚባል ሣጥን ትሄዳለች። ሣጥኑም «አሁን የአንደኛው ፒስተን ተራ ነው» ብሎ ነዳጅና እሳት ያዛል። ነጋሪው ዝም ካለ ሣጥኑም ዝም ይላል። ያቺ መኪና ያለ ነጋሪ አትሄድም።

ደበበ በቢላ ሲፈለቅቀው ያ ቀጭን ሽቦ ሳይሰነጠቅ አልቀረም። ቀዝቃዛ ሳለ የተሰነጠቀው ጫፍና ጫፍ ይነካካል፤ ሞተሩ ሲግል ይላቀቃል። ለዚህ ነው ሲሞቅ የሚታወረው። እንደታወረ ይቅር ነው የምለው እኔ።

ልጅዎ ሙሐዲን

ጅማ፣ መጋቢት 20 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለሙሐዲን

አሰላሙ ዐለይኩም። የጻፍከው ገባኝ፤ ለደበበም አነበብኩለት። መስኮት ከፋቹን ሲሰማ ብርጭቆ ወረቀቱን ወርውሮ «ዓይኑን ነው ለካ የፈገፈግኩት» አለ።

ስኳሩን በተመለከተ፣ ስኳር እዚህ በራሽን ነው። ሻዬን መራራ ጠጥቼ ለአብዱልፈታሕ ሞተር ስኳር አላጠጣም! አንተ ልጅ ሳለህም ችኩል ነበርክ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። የተቃጠለ ሞተር ምን ይነግረኛል? እኔ የምፈልገው መኪናውን አይደለም። ሸኩሬ ያለበትን ነው የምፈልገው። እሱን የሚያውቅ አፍ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

በሕይወት የለም፤ ይህን ካወቅሁ ቆየሁ። እናት ታውቃለች። ግን ለቅሶ አልተቀመጥኩም። ሊያስተዛዝኑኝ የመጡትን ጎረቤቶች ከደጅ መለስኳቸው። ምን ታጥቦ፣ ምን ተከፍኖ፣ በምን ላይ ተሰግዶ ነው ለቅሶ የምቀመጠው? አጥንቱን ባገኝ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለ የመኪና ማንሻው ክሪክ ተንሸራቶ ግራ ክንዱ ላይ ሲወድቅ ወጌሻው አጣሞ ነው የገጠመው። ያንን ጠማማ አጥንት በጨለማም ቢሆን በእጄ ዳብሼ እለየዋለሁ።

ስለዚህ ጤነኛውን ነጋሪ ላክ። አዎ፣ ጤነኛውን። ሰው የሚፈልገውን ነገር በእጅህ ሳትይዝ ምንም አትጠይቀውም። ከሱ ጋር በዘምዘም የታጠበ ከፈን ላክልኝ። ለአንድ ረጅም ልጅ የሚበቃ።

አዳዳህ

ጅዳ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለአዳዳዬ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። በመዘግየቴ አይቀየሙኝ። ዕቃው ከጃፓን እስኪመጣ ጠበቅሁ፤ ሲመጣ ደግሞ የኩዌት ነገር ተነሳና መንገደኛው ሁሉ ተረበሸ። ነጋሪውንና ከፈኑን ከሐጅ ለሚመለሱ የአጋሮ ሰዎች ሰጥቻለሁ። ከፈኑን መካ ወስጄ በገዛ እጄ ነው ያጠብኩት። ሳጥበው የሸኩርን ቁመት አሰብኩና በአንድ ክንድ አስረዘምኩት።

ነጋሪውን ስገዛ ግን ሆዴ አልፈቀደም። ለዚያ ሰው ደህና ዕቃ! ቢሆንም እርስዎ አዘዋል።

ደበበ አዲሱንና አሮጌውን እንዳያምታታ ይጠንቀቅ። ቀዝቃዛ ሲሆኑ መንታ ናቸው፤ የኤሌክትሪክ መለኪያው ቴስተርም አይለያቸውም። ልዩነቱ የሚታወቀው ሲሞቁ ነው። አንድ ማንቆርቆሪያ ውኃ ያፍሉና ሁለቱንም ይንከሯቸው፣ ከዚያ ሽቦዎቻቸውን በቴስተር ይለኩ። የአዲሱ መርፌ ባለበት ይጸናል፤ የአሮጌው ይወድቃል።

ልጅዎ ሙሐዲን

ጅማ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለሙሐዲን

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ እጆችህን ይባርክ፤ ሁለቱም ደርሰውኛል። ከፈኑን ሣጥኔ ውስጥ ከሸኩር የትምህርት ቤት ሸሚዝ ጋር አስቀመጥኩት።

ማንቆርቆሪያውን ከእሳት ላይ አውርጄ ለደበበ ሰጠሁት። ሁለቱን በክር አንጠልጥሎ ነከራቸው። የአዲሱ መርፌ እንዳልከው አልተነቃነቀም። አሮጌው መጀመሪያ ደህና ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ መርፌው ወደቀ። ከውኃው አውጥቶ እፍ እፍ ሲልበት ተመልሶ ተነሳ። ደበበ «ሜ፣ እስቲ ልድገመው» አለና ሦስቴ ነከረው። አሮጌው የደበበ ብርጭቆ ወረቀት የጫረበት መስመር አፍንጫው ላይ አለ፤ በዓይንም ይለያል። ለአብዱልፈታሕ «እለካዋለሁ» በለው ብዬው ደበበ አሮጌውን ከመኪናዋ ከነቀለው ወዲህ ነጯ መኪና ጋራዥ ውስጥ እንደ ታሰረች ላም ቆማለች።

አብዱልፈታሕስ? ይመላለሳል! በየሳምንቱ። አንዳንዴ ሾፌር ልኮ፣ አንዳንዴ ራሱ። «አዮ፣ ዕቃው አልደረሰም?» ይለኛል። እኔ በርጩማዬ ላይ ሆኜ «ይመጣል፣ ጠብቅ» እለዋለሁ። በሙሉ አፌ ነው የምለው። ልጅ ሆይ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ያልጣፈጠኝ ምግብ መጀመሪያ እንዲህ ያልኩት ቀን ጣፈጠኝ። ማታ እንጀራዬን ጨርሼ ሳህኑን ጠረግሁ።

አንድ ቀን ዓይን ዓይኔን እያየ «የሚደብቁኝ ነገር አለ እንዴ?» አለኝ። «አንተስ?» አልኩት። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየና ሄደ።

ሚስቱን ፈድሊያን አታውቃትም፤ አንተ ከሄድክ በኋላ ነው ያገባት። እሷ ደህና ሴት ናት። በየዒዱ አንድ ሳህን ምግብ ትልክልኛለች፤ የማን ቤት ምግብ እንደሆነ ስለማውቅ እመልሰዋለሁ። አትቀየምም፤ በሚቀጥለው ዒድ ደግማ ትልካለች።

ከእንግዲህ የምጠብቀው አንድ ቀን ነው። እሱ መኪናዋን ከምንም በላይ የሚፈልግበት ቀን። የሚሰማው ወሬ እውነት ከሆነ ሩቅ አይደለም።

አዳዳህ

ጅዳ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለአዳዳዬ

ሰላምታዬን በአጭሩ ይቀበሉኝ፤ ከድጃ ነገ ትነሳለች። እዚህ በሬዲዮ የምንሰማው ሁሉ ወታደሩ እየተበተነ ነው የሚል ነው። ሹሞቹ ወደ ኬንያ መሸሽ ጀምረዋል ይላሉ። ያ ሰው ካመለጠ ሸኩርም አብሮት ያመልጣልና አሁኑኑ ይጠይቁት!

አንድ ነገር ግን ልበል፣ አይቆጡኝ። ከነገረዎት ቃልዎን ይጠብቁለት። ነጋሪውን ይስጡትና ይሂድ። ስኳር ጨምሩበት ያልኩት እኔው ነበርኩ፤ ነገር ግን ከፈኑን ሳጥብ መካ፣ ሐረም መስጊድ ውስጥ አሰብኩበት። እኛ እንደ እሱ አይደለንም።

ሙሐዲን

ጅማ፣ ሰኔ 18 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለሙሐዲን

አሰላሙ ዐለይኩም። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። ተቀመጥና አንብብ።

የደርጉ ሊቀመንበር አገር ጥለው ወጡ በተባለ ሰሞን ከተማው ታመሰ። ተሽከርካሪ ያለው ሁሉ ሸሸ። አብዱልፈታሕ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ፣ ሻንጣ ተሸክሞ፣ ጠዋት ጋራዤ ገባ። ሾፌሩ ጥሎት ሄዷል።

«አዮ፣ ዕቃው መጥቷል አሉኝ። ለአላህ ብለው» አለ።

«መጥቷል» አልኩት፤ አዲሱን ነጋሪ ከነካርቶኑ አውጥቼ አሳየሁት። «ሸኩር የት ነው?»

«ትእዛዝ ነበር እኮ...»

«ማን አዘዘህ አላልኩህም። የት ነው አልኩህ።»

ፈድሊያ ታየዋለች። ልጆቹ ያዩታል። ሰውዬው መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ሰርቦ ሳይደርሱ፣ ከአሮጌው የቡና ማድረቂያ ጀርባ፣ ዋንዛው ሥር» አለ። «ዋላሂ እዚያ ነው። አሁን ስጡኝ።»

«ስመለስ መኪናህ ዋላሂ ትነሳለች» አልኩት። ዕቃውን ጡቴ ሥር ሸጉጬ፣ ሼሁንና ሁለት ቆፋሪዎች ይዤ በደበበ አሮጌ ጭነት መኪና ሄድኩ። አብዱልፈታሕ ጋራዡ ውስጥ ጠበቀኝ። በምን ይሄዳል?

ዋንዛው አርጅቷል። ደበበ ቆቡን አውልቆ መጀመሪያ ቆፈረ። ጥልቅ አልነበረም። ለልጄ ጥልቅ ጉድጓድ እንኳ አልቆፈሩለትም! ገባሁና በእጄ አፈሩን ጠረግሁ። ግራ ክንዱን አገኘሁት። ጠማማው አጥንት ያው እንደነበረ ነው። ልጄን አገኘሁት ሙሐዲን። አቅፌው ቆየሁ፤ ሼሁ እስኪያነሱኝ ድረስ።

ብቻውን አልነበረም። አጠገቡ ሌሎች ሁለት ነበሩ። አብዱልፈታሕ ስለ እነሱ አልነገረኝም፤ እኔም ስለ እነሱ አልጠየቅሁትም ነበር። የማን ልጆች እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። ከፈኑ አንድ ነው። አንተ በአንድ ክንድ ያስረዘምከው ያ ከፈን ለሦስት በቃ። ቀድጄ አካፈልኳቸው፤ ሸኩር ስስታም አልነበረም። ሼሁ አሰገዱና እዚያው በወግ ቀበርናቸው።

ስመለስ ደበበ ነጋሪውን ሰካ። መኪናዋ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። መንገዱ በሽፍታና በተበተነ ወታደር የተሞላ ስለነበር አብዱልፈታሕን «ሚስትህንና ልጆችህን እኔ ዘንድ ተዋቸው፤ ሲረጋጋ ይከተሉሃል» አልኩት። ጎንበስ ብሎ እጄን ሳመ። አልቅሶ ነው የሳመኝ። በሸቤ በኩል የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ፣ በቦንጋ ወደ ኬንያ እወርዳለሁ ብሎ ሄደ።

እኔ በማግሥቱ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ጅማ ሁሉ መጣልኝ።

አዳዳህ

ጅዳ፣ ነሐሴ 30 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለአዳዳዬ

አላህ ሸኩርን ጀነተል ፊርደውስ ያግባው፣ እርስዎንም ያጽናዎት። ለቅሶዬን እዚህ ከጅማ ልጆች ጋር ተቀመጥኩ። ያንን ከፈን ለሦስት መቅደድዎን የሰማ ሁሉ አልቅሷል።

ግን እንቅልፍ የነሳኝ ነገር አለ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። «ደበበ ነጋሪውን ሰካ» ይላል። የትኛውን? ከሸቤ የመጣ አንድ ሰው እዚህ ነግሮናል፤ ነጭ መኪና ከጎጀብ በላይ ዳገቱ ላይ በሮቿ ተከፍተው ቆማ ተገኘች አለ። አዳዳ፣ ቃልዎን ጠብቀዋል? ቶሎ ይጻፉልኝ።

ሙሐዲን

ጅማ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1984 ዓ.ም.

ለሙሐዲን

አሰላሙ ዐለይኩም። ቶሎ ጻፉልኝ ብለህ ነበር፤ አልቻልኩም። ፈድሊያ ከጎኔ አትጠፋም፤ እሷም ማንበብ ታውቃለች። ዛሬ ልጆቹን ይዛ ገበያ ወጥታለች።

ጉድጓዱን እስካይ ድረስ አዲሱን ልሰጠው ነበር። አላህ ምስክሬ ነው፤ ያንተን ምክር ሰምቼ ነበር። ለልጄ ደም ይቅር ልል እችል ይሆናል፤ የእኔ ነውና። ግን እነዚያን ሁለቱን ሳይ እጄ ቆመ። የእነሱ እናቶች በየደጃቸው አሁንም በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። በእነሱ ፈንታ ይቅር የምል እኔ ማን ነኝ?

ስመለስ ቤት ገባሁና አሮጌውን ነጋሪ በጨርቅ ወልውዬ አዲሱ ካርቶን ውስጥ ከተትኩት። ለደበበ ሰጠሁት። ከፍቶ አየው። የራሱ ብርጭቆ ወረቀት የጫረው መስመር አፍንጫው ላይ አለ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እጁ ላይ የሸኩር መቃብር አፈር አልደረቀም ነበር። መፍቻውን አነሳና ሰካው።

ዋላሂ ትነሳለች አልኩት፤ ተነሳች። እስከየት እንደምትደርስ አልማልኩለትም። ሲግል እንደሚታወር አንተው ጻፍክልኝ፤ ሞተሩ እስከ ሸቤ እንደሚግል፣ ከሸቤ ወዲያ ጎጀብ በረሃ እንደሆነ ደግሞ እኔ አውቃለሁ። እዚያ ቤቱ ያልተቃጠለበት ገበሬ የለም። የሚሆነውን አውቄ ነው ያደረግሁት። ሚስቱንና ልጆቹን ያስቀረሁትም ለዚሁ ነው፤ እነሱ ላይ ቂም የለኝም።

መኪናዋን ያየ ሰው የአብዱልፈታሕ ጫማ ወንበሩ ላይ ነበር ይላል። እሱን ራሱን ያየ የለም። ሸቤ ሰው ልኬ አስጠየቅሁ፤ ሁሉም «አናውቅም» ነው የሚለው። የሚያውቁ ይመስለኛል።

እንግዲህ ፈድሊያ እኔ ጋ ናት። ልጆቹ አዮ ይሉኛል። እሷ ምንም አታውቅም፤ ወይም እንደማታውቅ ትሆናለች። ማታ ማታ «ወሬ የለም አዮ?» ትለኛለች። እኔም «ይመጣል፣ ጠብቂ» እላታለሁ። የመጀመሪያ ቀን ስላት ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም፣ አጥንቴ ድረስ ነው ደስ ያለኝ። በሁለተኛው ሳምንትም ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ከመስጊድ ስመለስ ጋራዡ በር ላይ በርጩማዬ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ስታይ አገኘኋት። ጉልበቷን እንደ እኔ አቅፋለች። ከዚያ ወዲህ ያ ቃል ከአፌ ሲወጣ ይጎረብጠኛል፤ ግን ሌላ የምላት የለኝም።

አልጸጸትም። ብጸጸት እንኳ ለእሱ አይደለም።

አዲሱ ነጋሪ ሣጥኔ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ለሚፈልገው ሰው የምትሰጠው ከሆነ እልክልሃለሁ። ለሚመጣው ሐጅ አንድ ከፈን በዘምዘም አጥበህ ላክልኝ። የአብዱልፈታሕን ቁመት ታስታውሳለህ፤ ከሸኩር ትንሽ ያጥራል። ከፈኑን ትናንት የለመነችኝ ፈድሊያ ናት።

አዳዳህ ዙቤይዳ